ፖስታው ላይ የጻፍኩት ስም

ለናፈቅከኝ ታላቅ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ከዲላ ተነስቶ ይርጋጨፌን፣ ገደብን፣ ሞያሌን አልፎ፣ ኬላውን ሁሉ ያለ ፍተሻ ተሻግሮ አንተ ዘንድ ይድረስ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያፍንህ ደረትህ ተሻለህ ወይ? ናይሮቢ ብርዳም ናት ይሉናል፤ ሹራብ ትለብሳለህ ወይስ እንደ ልማድህ ደረትህን ገልጠህ ትዞራለህ? ሥራስ እንዴት ነው? አጠገብህ የአገር ልጅ አለ ወይስ ብቻህን ነህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ሁላችንም በሕይወት አለን ማለቴ ነው፤ የቀረውን ከታች ታነበዋለህ።

በመጀመሪያ ስለ ፖስታው። ላዩ ላይ ያለው ስም ያንተ ስላልሆነ "የኔ አይደለም" ብለህ እንዳትመልሰው ሹፌሩን ገበየሁን አስጠንቅቄዋለሁ። ተሳስቼ አይደለም የጻፍኩት። ከፍተሻ ለመሸሽ ብቻም አይደለም። ትዕግሥት እንደሌለህ አውቃለሁ፣ ግን ወደ መጨረሻው ዘለህ እንዳታነብ። ገበየሁ ወረቀቱን ከመቀመጫው ስፖንጅ ሥር ወትፎ ነው የሚያሻግረው፤ ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። ስትጨርስ አቃጥለው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሽተንሃል። በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያ ሲመለመል፣ ገና ጨለለቅቱ እያለን፣ ስምህ ዝርዝሩ ላይ መውጣቱን አባባ ሲሰማ በገበየሁ መኪና ላይ ከቡና ጆንያ መሃል አስገብቶ እንደ ሰደደህ አንተው ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ "ነገሩ በሰላም አልቋል፣ ስምህ ተሰርዟል" ብለን ጻፍንልህ። አልተሰረዘም። አንተ በሄድክ በማግስቱ ተመልማዩን ሁሉ ጎሎ ተራራ ላይ፣ ያ ኳስ የምትጫወቱበት ሜዳ ላይ ሰብስበው ስም ጠሩ። "ባህሩዲን ጠሃ" ተባለ፤ ዝም። ድጋሚ ተባለ፤ ዝም። መልማዩ "ሦስተኛ ጠርቼ ካልቀረበ አባትየውን አምጡልኝ" አለ። አባባ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ላቡ ከቆቡ ሥር ጢሙ ድረስ ሲወርድ አየሁት። ሦስተኛ ሲጠራ ከኋላችን አንድ ሰው "አቤት" አለ።

ዘነበ ነበር። ሐዋሳ ለሥራ ሄዷል ያልንህ ዘነበ፣ ያንተን ስም ይዞ ጦር ሜዳ ነው የሄደው። ማንም አልለመነውም፤ ይህን በአላህ ስም እምልልሃለሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከሕፃንነቱ ያውቀዋል፤ ግን አንገቱን ደፋ። ቁጥሩ ከሞላለት ምን ቸገረው። ሲነዷቸው ሮጬ ደረስኩበትና "ምን ነካህ?" አልኩት። "አባትህ እንደዚያ ሲርበደበድ እያየሁ ምን ልሁን?" አለኝ። ደግሞ ሳቀ። "ስሙን ተውሼው ነው፣ ስመጣ እመልስለታለሁ በለው" አለኝ። እኔ ግን አልነገርኩህም። አባባ "እንዳትጽፍለት፤ ከሰማ ይመለሳል" ብሎ ስለ ከለከለኝ ነው።

ደብዳቤ ሲልክም ባንተ ስም እየፈረመ ወደ እኛ ነበር የሚልከው። እኔ እየወሰድኩ ለእናቱ ለእማማ ጸሐይ አነብላታለሁ። እማዬ አንተን ወልዳ ስትታመም ዘነበን በአንድ ጡቷ፣ አንተን በሌላው ያጠባችህ ሴት፣ አሁንም እዚያው ጎሎ መውጫ ላይ ብቻዋን ናት። ከሱ ሌላ ልጅ እንደሌላት ታውቃለህ። በጥር 1970 ደብዳቤው ቆመ። "ተማርኮ ይሆናል" አልናት። እኛም እሷን ስናጽናና ራሳችንን አሳመንን።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። እኔ ዲላ ላይ ሞተር ብስክሌት ሠሪ ሆኛለሁ። የአውራጃው ሞተር ሁሉ በእጄ ነው የሚያልፈው፤ እማዬም ዘይቱ አልለቅ ብሏት ሸሚዜን ማጠብ ትታለች። ባለፈው ወር የሞተር ካንዴላ እየጠረግኩ ሳለ ጓንጉል የሚባል ካድሬ በሩ ላይ ቆመ። ከጎጃም የመጣ፣ ሲስቅ እንኳ ጥርሱ የማይታይ ሰው ነው። እጄን በዘይቱ ጨበጠኝና "እንኳን ደስ አለህ ጓድ ነዚፍ፤ ወንድምህ ከጀግኖቻችን ተርታ ተመዝግቧል" አለኝ። መርዶ እንደ ሹመት ሲነገር ሰምተህ ታውቃለህ? በእኛ ደንብ መርዶ ገና ሳይነጋ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ወገብ ተይዞ ነው የሚነገረው። እኔ ግን የዘነበን ሞት ካንዴላ ይዤ፣ "አመሰግናለሁ" ብዬ ተቀበልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምሥራቁ ጦርነት ለወደቁት የአካባቢው ልጆች፣ ስማቸው የተጠራበት ሜዳ ላይ፣ ጎሎ ጫፍ መታሰቢያ ተገንብቷል። አሥራ አንድ ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ብቻ ቀርቶ ነበር። እዚያ ደግሞ መኪና አይወጣም። "የጀግና ወንድም፣ በዚያ ላይ ሞተር አዋቂ፤ ካንተ ሌላ ማን ሊሸከመው ነው?" አለ። ከዚያ ቀጠለና፣ የካቲት 26 ሲመረቅ የእያንዳንዱ ስም ይጠራል፣ ቤተሰቡ "አቤት" ይላል፣ ጀግና አይሞትም ለማለት ነው አለኝ። በዚህ ሐሳቡ በጣም ይኮራ ነበር።

ማታ ለአባባ ነገርኩት። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ምን ያድርግ? እውነቱን ብናወጣ እሱ ይታሰራል፣ ምናልባትም ከዚያ ይብሳል። ባናወጣ እማማ ጸሐይ ልጇ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦባት እርሟን ሳታወጣ፣ መንገድ መንገድ እያየች ታረጃለች። እኔ ደግሞ ሕዝብ ፊት ቆሜ፣ በሕይወት ላለኸው ለአንተ "አቤት" ልል ነው።

የካቲት 25 ማክሰኞ በሦስት ሞተር ወጣን። ከፊት ጴጥሮስ፣ ያ የጨለለቅቱው አስተማሪ፣ መንገዱን ስለሚያውቅ። መሃል ላይ እኔ፤ እብነ በረዱን በደረቅ ኮባና በጆንያ ጠቅልዬ ከኋላዬ በጎማ ላስቲክ ጠፍሬዋለሁ። ከኋላ ጓንጉል። እስከ ጨለለቅቱ ዋናው መንገድ ነው፣ ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲያ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ በእንሰቱና በቡናው መሃል የሚያልፍ የእግር ዱካ ነው። በልጉ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቶ ቀዩ አፈር ሳሙና ሆኗል። በአንደኛ ማርሽ፣ ሁለት እግሬን መሬት እያስጎተትኩ፣ ፍሪሲዮኑ እስኪሸት ነው የወጣሁት። ድንጋዩ በተንገጫገጨ ቁጥር ጀርባዬን ይመታኛል። ጓንጉል ከኋላ "ቀስ! እንዳይሰበር!" ይላል። ስለኔ አንገት አንድም ጊዜ አላለም።

ከወንዙ በላይ ያለውን ገደል ታስታውሳለህ፣ ፍየሏ የወደቀችበትን? መንገዱ እዚያ ጋ የአንድ ሰው ትከሻ ያህል ነው። እዚያ ስደርስ ሰይጣን በጆሮዬ ተናገረ። መሪውን ትንሽ ባዞረው፣ ራሴ ወደ ዳገቱ ብዘል፣ ሞተሩም ድንጋዩም ስሙም ገደል ይገባሉ፣ ማንም አይጠረጥረኝም። አልደብቅህም፣ እጄ ጀምሮት ነበር። ሞተሩ ተንሸራተተና ጭነቱ ወደ ገደሉ አዘነበለ። ምን እንደ መለሰኝ አላውቅም፤ ምናልባት የሌሎቹ የአሥሩ ሰዎች ስም ይሆናል፣ እነሱ ምን አጠፉ? ብቻ እግሬን ከሥሩ አስገብቼ ደገፍኩት። የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ባቴን ጠበሰው። ጴጥሮስ ሮጦ መጥቶ እስኪያነሳልኝ ድረስ የሥጋዬ ሽታ ይሸተኝ ነበር።

እያነከስኩ የደረስንበት የመጀመሪያ ደጅ የማን እንደሆነ መገመት አያቅትህም። እማማ ጸሐይ ባቴን ስታይ አስቀመጠችኝና ማር አምጥታ በጣቷ ትቀባኝ ጀመር። ዓይኗ ግን ጆንያው ላይ ነበር። ጴጥሮስ የጀግኖች ስም የተጻፈበት ድንጋይ ነው አላት። ጓንጉል ከጎናችን ቆሞ ጭቃ ከጫማው ላይ ይፍቃል። እሱ ፊት የልጇን ስም ማንሳት እንደማትችል ታውቃለች። እጇ ባቴ ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝና "የወንድምህ ስም አለበት?" አለችኝ።

 ጓንጉል ነው የመለሰላት። "አለ እንጂ እማማ! ሦስተኛው ላይ" አለ ደስ ብሎት።

ጣቷ ቆመ። ማሩ በባቴ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ እሷ አትጠርገውም። እሪ ብትል ሁላችንም እናልቃለን፤ ይህን እሷም ታውቃለች።  ከዚያ መቀባቷን ቀጠለች፣ ጨርቅም አሰረችልኝ። ስትጨርስ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ "አይዞህ ልጄ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ" አለችኝ። ወንድሜ፣ የሞተባት እሷ፣ የተጽናናሁት እኔ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ሜዳው በሰው ሞላ። ድንጋዩ ቆሟል። እዚያ የቆመው የተራራው ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ባህሩዲን ተብሎ የሄደው ማን እንደሆነ ያውቃል። አንድ አፍ ብትከፈት አባባ አለቀለት። ጓንጉል ወረቀቱን ዘርግቶ መጥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ሲጠራ አባቱ "አቤት" አለ። የሁለተኛው ሚስቱ። ከዚያ "ባህሩዲን ጠሃ" አለ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ድጋሚ ጠራ፤ ከወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ እኔን አየ። እኔ ሜዳውን አየሁ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የቆምንበት ቦታ ነው። ሦስተኛ ሲጠራ፣ ያኔ ዘነበ ከቆመበት ጎን፣ ከኋላዬ፣ "አቤት" ተባለ።

እማማ ጸሐይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሰዉን እየከፈለች መጣች። ጓንጉል ግራ ገባውና "እማማ፣ እርስዎ የማን ነዎት?" አላት።  ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ያልወጣ ድምፄ ያኔ ወጣልኝ፤ "እናቱ ናት፣ ያጠባችው እሷ ናት" አልኩ። "ስሙ እኮ የእስላም ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ላቤ ወረደ፣ እንደ አባባ። ጴጥሮስ ቀደም አለና "እውነቱን ነው ጓድ፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል" አለ። ከኋላው ሽማግሌዎቹ "እናውቃለን፣ እናቱ ናት" እያሉ ተቀባበሉት። ከሁሉ የጎላው ድምፅ ያ አንገቱን የደፋው ሊቀ መንበር ነበር። ጓንጉል ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን። ከዚያ የምስክር ወረቀቱን አጣጥፎ በእጇ አኖረላት። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። በጌዴኦኛ፣ ሴቶቹ እየተቀበሏት፣ እንደ ልቧ አለቀሰች። ስሙን ግን አልጠራችም፤ "ልጄ" ብቻ ነው ያለችው።

አባባ በሦስተኛው ቀን "ውሰደኝ" አለኝ። ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ቀበቶዬን አንቆ ጎሎ እስክንደርስ ዱዓ አደረገ፣ ገደሉ ጋ ደግሞ ድምፁን ከፍ አደረገው። ደጃፏ ላይ መሬት ተቀመጠ። "ልጅሽን በላሁት" አላት። እንዲህ አለችው፦ "አንተ አልበላህም። ራሱ ነው የሄደ። የኔ ልጅ በልጅህ ስም ሞተ። እንግዲህ ያንተ ልጅ በልጄ ስም ይምጣ። ሲመጣ በኔ ደጅ ይለፍ።"

አየህ ወንድሜ፣ ያ ያንተ ስም እንግዲህ ድንጋይ ላይ ነው። ባህሩዲን ጠሃ የካቲት 26 ቀን አገር ምድሩ እያየ ሞቷል፤ ዲላም ጨለለቅቱም በዚያ ስም የሚገባ የለም። ዘነበም የተዋሰውን ስም አልመለሰም፤ በፋንታው የራሱን ተወልህ። ፖስታው ላይ የጻፍኩት እሱን ነው። ከበደህ? እኔም ስጽፈው ከብዶኛል።

እማዬ መኪያ ዓይንህን ሳላይ አልሞትም ብላለች፣ ጉንጭህን ትስማለች። እህታችን ጀሚሊያ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ፎቶህን ደብተሯ ውስጥ እንዳትይዝ ስለተቆጣኋት አኩርፋኛለች፣ አንተን ግን ናፍቆኛል በለው ብላለች። አባባ ምን ልበልልህ ብለው "ለጸሐይ እንዲጸልይላት በለው" አለ፤ ከዚያ ሌላ አልወጣውም። ጴጥሮስም ሰላም ብሎሃል። ባቴ እየዳነ ነው፣ ጠባሳው ግን አይለቅም።

ይህን ልልክ እንደሆነ ለእማማ ጸሐይ ነግሬያት ነበር። የምትልከው ቃል እንዳላት ጠየቅኳት። "ለልጄ ለዘነበ ሰላም በልልኝ፤ ብርድ ነው ይላሉ፣ ይልበስ በለው" አለችኝ።

ወንድምህ ነዚፍ ጠሃ
ዲላ፣ መጋቢት 14 ቀን 1972 ዓ.ም.