አስፋልት የማያሻግር የመቃብር ቦታ

ለከተማ ፕላንና መሬት አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ለመጋዘን የተከለለው ቦታ ለመቃብር እንዲለወጥልን ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

መሀመድአሚን እንድሪስ እባላለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የሚጽፍልኝ በራችሁ ላይ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። ቃሉ ግን የእኔ ነው። ከወሎ መጥቼ ዕድሜዬን ሎጊያ ላይ በጎሚስታነት ጨረስኩ፤ ወደ ገላፊ ድንበር የሚወርደውን ከባድ መኪና ጎማ እየለጠፍኩ ልጆች አሳድጌአለሁ። መኪና ጠላቴ ነው ብዬ አልመጣሁም።

1. ቤታችን ከመስጊዱና ከመቃብሩ ጋር በአንድ ወገን ነበር። ቦታው ለከባድ መኪና ማቆሚያ ይፈለጋል ተባልንና ተነሳን። ምትክ የሰጣችሁን ከአስፋልቱ ማዶ ነው። እኛን ስታሻግሩ መስጊዱም፣ ገበያውም፣ ሙታኖቻችንም እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ለሰላትም ለሽንኩርትም መንገድ እንሻገራለን።

2. መንገዱ ሲሰፋ መኪናው ፍጥነት ጨመረ። በሰፈሩ መውጫ ግራና ቀኝ ማደያና ጋራዥ ስለፈቀዳችሁ ተሳቢው ተደርድሮ ይቆማል። ከመካከሉ ብቅ ስንል ሾፌሩ አያየንም፤ እኛም አናየውም።

3. ረመዳን ሊገባ ሲል ባለቤቴ መዲና ታማ ሞተች። በእኛ ወግ ጀናዛ የሚሄደው በትከሻ ነው። ጥቂት እርምጃም ቢሆን ተሸክሞ አጅር፣ የአላህን ምንዳ፣ ማግኘት የማይፈልግ የለም፤ የኋላው ሮጦ ወደ ፊት ይመጣል፣ የደከመውን ይተካል። ልጄ ናስርም የእናቱን ቃሬዛ ሊቀበል በጎን ሲሮጥ፣ ከቆመው ተሳቢ ጀርባ የመጣ መኪና ገጨው። እዚያው አረፈ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አልጣሉም። እናቲቱን ቀብረን ተመለስን፤ በማግስቱ እሱን ይዘን በዚያው ተሻገርን።

4. ሾፌሩ ውብሸት ይባላል፤ ገና ልጅ ነው። ሽማግሌ ይዞ ደጄ መጥቶ ተደፋ። «አባቴ፣ ያሰኘዎትን ያድርጉኝ» አለኝ። ይቅር ብዬዋለሁ፤ የሰው ዓይን ብረት አይበሳም። ቦታውን እንዲህ የደለደለውን ግን ይቅር አላልኩም።

5. ከዚህ በፊት ቢሯችሁ መጥቼ ነበር። ባለሙያዋ፣ «አባባ፣ ለምን ሬሳውን በመኪና አትወስዱትም?» አለችኝ። «ሰው ወዳጁን በትከሻው ይሸኛል እንጂ እንደ ሲሚንቶ ያስጭነዋል እንዴ፣ ልጄ?» አልኳት። ሳቀች፤ ወዲያው አፈረች። ከዚያ «ፕላኑ እኮ ጸድቋል» አለች። ራሳችሁ ያጸደቃችሁትን መለወጥ እንዴት ያቅታችኋል? ሰፈራችንን ለማፍረስ አንድ ጠዋት በቅቷችሁ የለ!

ስለዚህ ከቤቶቻችን ጀርባ ለመጋዘን የተከለለው ባዶ ሜዳ ለመቃብርና ለመስጊድ ይለወጥልን። እስከዚያው መውጫው ላይ ጉብታ ይሠራ፤ በአጠገቡም ተሳቢ እንዳይቆም ይከልከል። የእግረኛ ድልድይ እንሠራላችኋለን የሚለውን ተዉት። ቃሬዛ ደረጃ አይወጣም።

የምቸኩልበትን ምክንያት ልንገርዎ። ኩላሊቴ ሥራውን ጨርሷል፤ ሐኪሙ አልደበቀኝም። ከመዲናና ከናስር ጎን ልቀበር አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ። እኔን ተሸክሞ ማንም አስፋልት እንዳይሻገር ልጄን ሂያምን አስምያታለሁ። ሜዳውን ከሰጣችሁን እዚያ እተኛለሁ። ካልሰጣችሁን በግቢዬ ቅበሩኝ ብያለሁ። ያን ጊዜ «ከፕላን ውጪ ነው» ብላችሁ ዳግመኛ ልታስነሡኝ ከፈለጋችሁ፣ ዶማችሁን ይዛችሁ ኑ።

አላህ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅዎ፤ ከሰላምታ ጋር

መሀመድአሚን እንድሪስ
(የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)