ከማል ያመጣት ትንሿ ሽጉጥ

ኅዳር 8

ገበያ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። ከሱቃችን ሳፋና ጆግ ብቻ ተሸጠ። አንዷ ደንበኛ ፔርሙሱን «አያሞቅም» ብላ መለሰች፤ ቀየርኩላት። ሰበታ ዛሬ ንፋስ ብቻ ነው፣ አቧራው ዕቃው ላይ ሲከመር ስጠርግ ዋልኩ።

ማምሻውን ከማል መጣ። ጃኬቱን ሳያወልቅ «ሰዓዲያ፣ ነይማ» አለኝ። ከጨርቅ ውስጥ አወጣት። ሽጉጥ። ፈቃድ አውጥቶላት ኖሯል... ለእኔ ለሚስቱ ሳይነግር።

ትንሽ ናት። መዳፌ ላይ ታልቃለች። አፈሙዟ አጭር፣ እጀታዋ ጎማ ነገር። ጥይት የሚገባበት ክቡ ነገር ሲነኩት ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞራል። ስታዪያት መጫወቻ ትመስላለች፤ ስትይዣት ግን ትከብዳለች። ይሄን ያህል አልጠበቅኩም።

«እንዴት ናት?» አለኝ፣ አዲስ ስልክ እንደገዛ ሰው።

«ቆንጆ ናት» አልኩ። ለምን እንደዚያ አልኩ? ግን ቆንጆ ናት። የከፋኝም እሱ ነው።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ። የዘይቷ ሽታ አለቀቀኝም።

ኅዳር 10

ከማል ተጂ ሄዶ ጤፍ ጭኖ ተመለሰ። እዚያ መንገድ ላይ ታጣቂዎች ሚኒባስ አስቁመው ሰው አግተው ከወሰዱ ወዲህ፣ እሱ በሄደ ቁጥር እህል አይወርድልኝም ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ ምሳዬን በላሁ። ይዟት ነው የሄደው ብዬ... አልሀምዱሊላህ ልበል ወይስ ልፈር?

ኅዳር 11

አረማመዱ ተቀይሯል። ደንበኛ ሲከራከረው ድሮ ይስቅ ነበር። ዛሬ አንዱን አፍጥጦ አየው። ሰውዬው ዕቃውን ትቶ ወጣ።

ኅዳር 14

የከማል ታናሽ ወንድም የህያ ከሱሉልታ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ከአጥር ጎረቤቱ ከኪዳነወልድ ጋር በድንበር ተጣልተዋል። ኪዳነወልድ አዲሱን ግንብ «መሬቴ ውስጥ ገብቷል» ብሎ አፍርሶበታል። ቀበሌው ዛሬ ነገ ይላቸዋል።

ስንት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች! የየህያ ስልክ በተበላሸ ጊዜ በማን ነበር የምናገኘው? በኪዳነወልድ።

ከማል ሽጉጧን አሳየው። ለምን አሳየው? የህያ አገላበጣት፣ አዟዟራት፣ ወደ ግድግዳው አነጣጠረ። «ለአንድ ቀን አውሰኝ። ላስፈራራው ብቻ።»

ከማል ሳቀ። አይሆንም አላለም... ሳቀ ብቻ።

ኅዳር 15

ነገርኩት። ከማልን «የህያ ዳግመኛ እንዳያያት» አልኩት።

«ወንድሜ እኮ ነው።»

«ወንድምህ ስለሆነ ነው!»

«ሲናደድ ያወራል እንጂ ምንም አያደርግም። ከእናቴ ጋር ልታጣዪኝ ነው?»



ኅዳር 19

እንደሆነው ልጻፈው።

ከማል ጁምዓ ሄዶ የህያ መጣ። ጫማውንም አላወለቀም። «ከማል ልኮኝ ነው። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ስጪኝ።»

ውሸት እንደሆነ አወቅኩ። ለከማል ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው፣ መስጊድ ውስጥ ነዋ። «ቁልፉ እኔ ጋ የለም» አልኩት። ኪሴ ውስጥ ነበር። በትከሻው ገፍቶኝ አለፈ። መዝጊያውን በመፍቻ ፈነቀለው። ሽጉጧን ይዟት ወጣ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለማን ልናገር? ፖሊስ ጋ ብደውል ፈቃዱ በከማል ስም ነው፤ ባሌም ይታሰራል። ዝም ብልስ?

የኪዳነወልድ ቁጥር ስልኬ ላይ አለ።

«ኪዳነወልድ፣ ሰዓዲያ ነኝ፣ የየህያ ወንድም ሚስት።»

«እንዴ! ሰላም ነው?»

«የህያ ወደ አንተ እየመጣ ነው። ሽጉጥ ይዟል።»

ከኋላው የልጅ ሳቅ ይሰማል።

«ልጆቹን ይዤ ልውጣ?» አለኝ። እኔን ጠየቀኝ...

«ውጣ። አሁኑኑ ውጣ።»

ከማል ከስግደት ሲመለስ የተፈነቀለውን አየ። ያደረግኩትንም ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ደሙ ብቻ ከፊቱ ሸሸ። ጎረቤታችን ኦቦ ቶለሳ በመኪናቸው በቡራዩ በኩል ወደ ሱሉልታ ይዘውት በረሩ። ሲወጡ «ጀባዱ፣ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

ምን ተፈጠረ ይሆን... አይደውልም።

ኅዳር 20

ሰው አልሞተም። ሰው አልሞተም። ሰው አልሞተም።

የህያ ሲደርስ በሩ ተዘግቷል። ጮኸ፣ ደበደበ፣ ከዚያ ተኮሰ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ፖሊስ የጠራው ኪዳነወልድ ነው። የህያም ከማልም እዚያው ተያዙ፤ ከማል መሣሪያውን በአግባቡ አላስቀመጥክም ተብሎ።

ኅዳር 24

አማቴ እቤት መጥተው ውሃ እንኳ አልጠጡልኝም። «በአንድ ስልክ ሁለቱንም ልጆቼን አሳሰርሽ» አሉ። እውነት ነው።

ታኅሣሥ 3

ከማል በዋስ ወጣ። ከስቷል። ሽጉጧ ፖሊስ ጋ ቀረች፤ የህያም ገና አልተፈታም። እራት እየበላን «አንቺ ባትደውዪ ኖሮ...» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። ምን ሊል ነበር? አልጠየቅኩትም።

ታኅሣሥ 12

ሱሉልታ፣ ለሽምግልና። ኪዳነወልድ እቤቱ ይሁን ብሎ ነው። አማቴ መንገዱን ሙሉ አላናገሩኝም።

የኪዳነወልድ ሚስት፣ የወይንሐረግ፣ በሩን ከፈተችልን። የቆርቆሮ በር። ጥይቷ የበሳችው ቀዳዳ አልተደፈነም። እኛ ስንገባ ትንሿ ልጃቸው እንግዳ ልታይ ሮጣ መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች። ቀዳዳው ግንባሯ ጋ ነው። ልክ ግንባሯ ጋ።

አማቴ ቆሙ። ልጅቷን አዩ፣ በሩን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ቀዳዳውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ስምሽ ማነው?»

«ዕድላዊት።»

በሌላው እጃቸው ልጅቷን ወደ ራሳቸው ሳቧት።

ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። አንደኛው ሽማግሌ «ከእናንተ ወገን ማን ይናገር?» ብለው ጠየቁ። ከማል ጉሮሮውን ጠረገ። አማቴ በእጃቸው አስቆሙት።

«እሷ ትናገር» አሉ። «የደወለችው እሷ ናት።»