አልቃሽ ላጡ አርበኞች የደከሙት የአቶ በርናባስ አንጁሎ የሕይወት ታሪክ

እግዚአብሔር አምላክ አቶ በርናባስን ለአባታቸው ለአቶ አንጁሎ እና ለእናታቸው ለወ/ሮ ሊሻን የሰጣቸው በሰኔ ወር 1947 ዓ.ም. ነው። የተወለዱት ጨንቻ፣ ከገበያው በላይ ባለው መንደር ነው። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ፣ እናታቸው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አባታቸው ሽመና ሊያስተምሯቸው ብዙ ሞክረው ነበር። እሳቸው ግን መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ቀና እያሉ ድሩን ስለሚበጥሱ፣ አባታቸው «ይሄ ልጅ ሰው ማየት ነው የሚወደው፤ ይማር» ብለው ትምህርት ቤት አስገቧቸው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨንቻ ተምረው፣ ሁለተኛ ደረጃውን አርባ ምንጭ አጎታቸው ቤት ሆነው ጨረሱ። ከዚያም ከሰሜን ሸዋ መጥተው እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ፎቶ ቤት ከከፈቱት ከአቶ ተክለጻድቅ ዘንድ ተቀጠሩ። መጀመሪያ ጠራጊ ነበሩ፣ ቀስ በቀስ ፊልም ማጠብ፣ በኋላም ማንሳት ተማሩ። በጥር 1974 ዓ.ም. የአቶ ተክለጻድቅን ልጅ ወ/ሮ ሮማነወርቅን አገቡ። አቶ ተክለጻድቅ በሠርጉ ቀን «ልጄን ወስደሃል፤ ካሜራው ግን እዚሁ ይቆይ» ብለው የቀለዱት ቀልድ እስከ ዛሬ ቤተሰቡን ያስቃል። አቢጋኤልን፣ አጵሎስንና ዮርዳኖስን ወልደው በጌታ ፍርሃት አሳደጉ።

በ1977 ዓ.ም. የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። እዚህ ከተሰበሰባችሁት መካከል የብዙዎቻችሁ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ የሠርጋችሁም አልበም የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በተዘጋበት ዘመን ምእመናን ፎቶ ሊነሱ የመጡ እየመሰሉ ይገቡና ጓሮ ባለው ክፍል ይጸልዩ ነበር። አንዳንዱ ጸልዮ ሲጨርስ የምሩን ፎቶ ተነስቶ ይሄድ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት ዲያቆን፣ በኋላም ሽማግሌ ሆነው እስከ ሕመማቸው ድረስ አገለገሉ።

ሁሉም ሰው በስልኩ ፎቶ ማንሳት ሲጀምር የፎቶ ቤቱ ሥራ ቀነሰ። የቀረው ሥራ የተቀደደና የደበዘዘ አሮጌ ፎቶ ማሳደስ ነበር። ከሚመጡት ፎቶዎች መካከል በጣሊያን ጊዜ በጫካ የተዋጉ አርበኞች ያሉባቸው ይገኙ ነበር። አቶ በርናባስ «ይሄ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ያመጣው ሰው ብዙ ጊዜ «የአያታችን ወንድም ሳይሆን አይቀርም» ከማለት ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ይህ እንቅልፍ ነሳቸው። በ2009 ዓ.ም. የኮምፒውተር ባለሙያ ከሆነችው ልጃቸው ከአቢጋኤል ጋር፣ የአካባቢውን አርበኞች ፎቶና ታሪክ ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ የሚያይበት፣ ሳይከፍልም የሚወስድበት ድረ ገጽ ከፈቱ። ጠመንጃ የያዘውንም፣ ስንቅ የተሸከመችውንም፣ መልእክት ያደረሰውንም እኩል አስገቡ። ከደቡብም ከሰሜንም የመጣውን አልለዩም። ዶርዜ፣ ጨንቻ፣ ምዕራብ ዓባያ እየዞሩ የሽማግሌዎችን ድምፅ ቀዱ። «ይሄን ሁሉ ደክመህ በነጻ?» ለሚላቸው ሰው «እነሱስ ስንት ተከፍሏቸው ነው የሞቱት?» ይሉ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ዶርዜ የሚኖሩ ወ/ሮ ዘሪቱ ሻንካ የሚባሉ እናት አስጠሯቸው። የወ/ሮ ዘሪቱ አባት አቶ ሻንካ፣ ልጃቸው ገና በሆድ እያለች ከአርበኞች ጋር ወጥተው አልተመለሱም። ሬሳ አልተገኘም። መሞቱ ላልታወቀ ሰው ማልቀስ እንደ መግደል ስለሚቆጠር ቤተሰቡ ጠበቀ። ጥበቃው ሲረዝም አንዳንዱ «ለጠላት ገብቶ ነው» ማለት ጀመረ። ወ/ሮ ዘሪቱ ይህን ወሬ እየሰሙ አድገው አረጁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ እሳቸው ሳይሞቱ ለአባታቸው እንዲለቀስላቸው።

አቶ በርናባስ ወራት ፈጅተው ጠየቁ። በመጨረሻም ምዕራብ ዓባያ የሚኖሩ አቶ ዘመድኩን የሚባሉ አዛውንት አገኙ። የአቶ ዘመድኩን አባት ከአቶ ሻንካ ጋር አብረው የተዋጉ ሰው ነበሩ። አቶ ሻንካ በዓባያ ሐይቅ ዳር በተኩስ መሞታቸውን ለልጃቸው ለአቶ ዘመድኩን ነግረዋቸዋል። ታሪኩ ድረ ገጹ ላይ ተጻፈ፤ ፎቶ ግን የለም። ፎቶ አንሺ ሰው ፊት የሌለው ገጽ አይወድም። ወ/ሮ ዘሪቱ «እናቴ፣ ልጄን ይፍሩን አይታ፣ ቁርጥ አባትሽን ነው ትለኝ ነበር» ስላሏቸው፣ ልጃቸውን ይፍሩን ቡሉኮ አልብሰው በጥቁርና ነጭ አነሱትና አወጡት። ከሥሩ «ፎቶው የልጅ ልጃቸው ነው» ብለው ጽፈዋል። ሰው በስልክ ሲቀባበለው ግን ጽሑፉ ተቆርጦ ቀረ። የተረፈው የይፍሩ ፊትና «ለአገራቸው ሲሉ ሕይወታቸው አልፏል» የሚለው ብቻ ነው።

በማግስቱ የዶርዜ ሰው እያለቀሰ ወደ ወ/ሮ ዘሪቱ ቤት ወጣ። እድሩ ድንኳን ይዞ ደረሰ። ይፍሩ ጓሮ እንሰት ሲቆርጥ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ እያለቀሰ ወጣና ድንኳን ተካዮቹን አገዘ። አንዱ ምሰሶ ከቆመ በኋላ ነው አጠገቡ ያለውን ሰው «ማን ነው የሞተው?» ብሎ የጠየቀው። ሰውየው ዞሮ አየውና «አንተ!» ብሎ የያዘውን ምሰሶ ጥሎ ሮጠ።

አቶ በርናባስ ይህን በስልክ ሲሰሙ ምሳቸውን ሳይበሉ ወደ ዶርዜ ወጡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ዳልጮና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር። አቶ በርናባስ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ፤ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ድረ ገጹንም እንዳለ እንደሚዘጉት ተናገሩ። ሽማግሌዎቹም ይዘጋ የሚሉ በዙ። ወ/ሮ ዘሪቱ ግን ከተቀመጡበት ተነሱ። «ልጄ አለ፣ ጌታ ይመስገን። እናንተ ግን ወጥታችሁ መጥታችኋል፤ ድንኳኑም ቆሟል። እንባችሁን ይዛችሁ አትመለሱብኝ። ለአባቴ አልቅሱልኝ» አሉ።

አቶ ዳልጮ «መሞቱን ያየ ሰው ሳይኖር እንዴት ይለቀሳል?» አሉ። ከኋላ አንዱ «ቢኖሩ ዛሬ ከመቶ አሥር ዓመት በላይ ናቸው፤ አያ ዳልጮ፣ እስከ መቼ እንጠብቃቸው?» ብሎ ሰውን አሳቀ። አቶ በርናባስ ግን ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ መሆኑን ስላወቁ ለአቶ ዘመድኩን ደወሉና ስልኩን ድምፅ ከፍተው ለሁሉም አሰሙ። አቶ ዘመድኩን እንዲህ አሉ፦ «አባቴ ያን ጊዜ ያለ ጋቢ ነው ቤት የገባው። እናቴ ጋቢህ የት አለ ብላ ስትጨቀጭቀው፣ ሻንካ ለብሶታል አላት። ገንዞ የቀበረው በእሱ ነው።»

ይህን ሲሰሙ አቶ ዳልጮ ራሳቸው ቀድመው አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ እንደ ድሮው ጦር ይዘው የለቅሶውን ሜዳ ዞሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መዝሙር ዘመሩ። አቶ ሻንካ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይተው ተለቀሰላቸው። «ለጠላት ገባ» ያሉት ቤተሰቦችም መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ወ/ሮ ዘሪቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረው በሰላም ወደ ጌታቸው ሄዱ።

አቶ በርናባስ የይፍሩን ፎቶ በዚያው ምሽት ከድረ ገጹ አወረዱት። ከዚያ ወዲያ ፎቶ ለሌለው አርበኛ የሌላ ሰው ፊት አላስገቡም፤ ባዶውን ይተዉትና በቦታው የልጆቹን ድምፅ ያሰሙ ነበር። ሰውም አመናቸው። ድሮ እሳቸው ይሄዱ ነበር፣ በኋላ ሰው ራሱ በራቸውን ያንኳኳ ጀመር። ጌታ ስህተታቸውን ለበረከት አደረገው።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። አርባ ምንጭ፣ በኋላም ሐዋሳ ሲታከሙ ቆዩ። አልጋ ላይ ሆነውም ለሽማግሌዎች ይደውሉ ነበር። ባለቤታቸው ዕረፉ ሲሏቸው «እነሱ እኮ እኔን አይጠብቁኝም፤ እያለፉ ነው» ይሉ ነበር። ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ ድረ ገጹን ለማንም እንዳይሸጡ፣ በማንም ላይ እንዳይዘጉ አደራ አሉ። ልጆቹም እሺ አሉ። ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ ቤተሰቡ አጠገባቸው እየጸለየ፣ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ተሰበሰቡ።

አቶ በርናባስ ባለትዳር፣ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችኋቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ደማችሁን ለሰጣችሁ ወጣቶች፣ መኪናችሁን ላዋሳችሁን ጎረቤቶች፣ የአባቶቻችሁን ፎቶ አምናችሁ ለሰጣችኋቸው ቤተሰቦች ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ከዚህ ስትመለሱ ቤታችሁ የሚያስታውስ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ፣ ለነገ ሳትሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። አቶ በርናባስ ከእናንተ የሚፈልጉት ይህንን ነው።

ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል፤ ስለዚህም ጌታን እናመሰግናለን። መቃብሩ የማይታወቀውን ሁሉ በስሙ የሚጠራ አምላክ ባሪያውን በክብር ይቀበል። እናንተንም በመጨረሻ ቀናችሁ ስማችሁን አውቆ የሚያለቅስላችሁ ሰው አያሳጣችሁ። አሜን።