የጋሽ ሾዴ እግርና የእኔ ጀሪካኖች

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ጀቤሳ፣ አጋሮ።

አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ በብርዱ አላስቸገረዎትም? ጆሮዎስ ትንሽ ተከፈተልዎት ወይስ አሁንም እህቴ ኢፍቱ በእጇ እያሳየች ነው የምታስረዳዎት? የእማዬ ወገብስ እንዴት ሆነ? እኔ፣ ሸዋገነትና ልጃችን ኪብሮን በፈጣሪ ቸርነት በሕይወት አለን። የናፍቆቱን ነገር ወረቀት አይችለውም፤ ልተወው።

ይህን የምጽፍልዎ ከቤንዚን ሰልፍ መሀል ሆኜ፣ ደብተሩን መሪው ላይ አስደግፌ ነው። ዊንጌት አካባቢ ነኝ። ከፊቴ መኪና፣ ከኋላዬ መኪና፣ በቀኜ የድንጋይ አጥር። ልውጣ ብል እንኳ መውጫ የለኝም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የተሰለፍኩ ይኸው ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ማደያው ገና አይታየኝም። ደብዳቤውን ኢፍቱ እንዳታነብልዎት፤ መነጽርዎን አድርገው ለብቻዎ ያንብቡት። ስልክ ቢሰሙልኝም እንኳ ይህን በአፌ የምናገርበት ድፍረት አልነበረኝም።

ባለፈው ክረምት ቤንዚን ጠፍቶ እንጀራ የምበላባት ታክሲዬ አራት ቀን ደጅ ከቆመች ወዲህ ፍርሃት ገባኝ። ባገኘሁ ቁጥር የቤንዚን ቋቷን፣ ሰልባትዮውን፣ እስከ አፉ አስሞላለሁ። ያም አልበቃኝ ብሎ ክልክል መሆኑን እያወቅሁ ሁለት ባለሃያ ሊትር ጀሪካን ከኋላ መጫን ጀመርኩ። በዚያ ላይ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ትርፍ ባትሪ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው የመፍቻ ሣጥን። መንገድ ላይ እንዳልቀር የፈራሁት ሁሉ እሷ ላይ ተከመረ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ የምትጨርሰውን ዳገት በአንደኛ እያቃሰተች ትገፋው ጀመር። ለሳምንት የሚበቃኝ ቤንዚን በአምስት ቀን ያልቃል። ሲያልቅ እፈራለሁ፤ ስፈራ ደግሞ እጭናለሁ።

መካኒኩ ኢምራን አንድ ቀን ኋላዋን ከፍቶ አየና ሳቀብኝ። የሞላ ሰልባትዮ ብቻውን የአሥር ዓመት ልጅ ያህል ቢመዝን ነው፣ እሱ አይጎዳትም፣ አንተ ግን ጋራዥ ጭነህ ነው የምትዞረው፣ አውርድ አለኝ። እርስዎም በከባድ መኪና ቡና ሲያመላልሱ «ጭነት ሲወጣ ሞተር ይበላል፣ ሲወርድ ፍሬን ይበላል» ይሉኝ ነበር። ሁለታችሁንም ሰማሁ፤ አላወረድኩም።

በአስተርዮ ማርያም ዕለት ጎረቤታችንን ጋሽ ሾዴን ከነጥበብ ልብሳቸው ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ሸማኔ ናቸው፤ እኔና ሸዋገነት ሰፈሩን ሳናውቀው ቤት ያስገኙልን እሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ እሳቸውን ከፊት፣ ሦስት ሴቶች ከኋላ ጫንኩ። አባዬ፣ አሁን ይቆጡ። ያንን ሁሉ ጭኜ፣ ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ፣ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቼ በፍሬን ብቻ ለቀቅኋት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ሦስተኛው ላይ ስረግጠው ፔዳሉ ባዶ ሆነ። ማርሽ ላስገባ ብታገል እምቢ አለኝ። ገደሉን ሸሽቼ በቀኝ በኩል ካለው አፈር ጋር አላተምኳት።

ከኋላ ያሉት በሕይወት ወጡ። የጋሽ ሾዴ በር ግን አፈሩ ላይ ተጣብቆ፣ የተጨማደደው ብረት ቀኝ እግራቸውን ይዞታል። አንዱ ጀሪካን ተሰንጥቆ ቤንዚኑ ወንበሮቹ ሥር ይወርዳል። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው፣ አባዬ፣ እኔ ልጅዎ በሬን ከፍቼ ሮጥኩ። ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ። ሴቶቹ ጋ ደርሼ ዞር ስል የመኪናዋ መብራት እንደበራ ነው። ምን እንደመለሰኝ አላውቅም። ተመልሼ ሞተሩንም መብራቱንም አጠፋሁ፤ ጀሪካኖቹን ጎትቼ ጣልኩና ጋሽ ሾዴ አጠገብ ቁጭ አልኩ። «ውጣ እንጂ ልጄ፤ ሁለት ሰው ምን ይሠራል እዚህ?» አሉኝ። «እርስዎ ሳይወጡ አልወጣም» አልኳቸው። የአካባቢው ሰው ድጅኖ ይዞ መጥቶ ብረቱን እስኪፈለቅቅልን ድረስ፣ እጄን እንደያዙ ፀሎታቸውን በጋሞኛ ያጉተመትሙ ነበር።

ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሯል። ሽመና ደግሞ የእግር ሥራ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጠው መርገጫውን ካልረገጡ ልብስ የለም። እኔን የበላኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ጋሽ ሾዴ ለሰፈሩ ሁሉ «ለታ እሳት ሳይፈራ ገብቶ አተረፈኝ» ብለው አወሩ። ለቅሶ ቤት ስገባ ሰው ይነሣልኛል። ሸዋገነት ቀና ብላ ትሄዳለች። ኪብሮን ለጓደኞቹ ይተርካል። እኔ በዚያ ምስጋና ውስጥ፣ እሳቸው በዚያ ብረት ውስጥ እንደነበሩት ሆንኩ፤ ብታገልም መውጫ አጣሁ።

ባለፈው እሑድ ቆርጬ ጋሽ ሾዴ ቤት ሄድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ መጀመሪያ ትቼዎት ሮጬ ነበር አልኳቸው። ጋሽ ሾዴ አልደነገጡም። «አውቃለሁ» አሉኝ። «በስፖኪዮው መስታወት ስትሮጥ አይቼሃለሁ፤ ስትመለስም አይቼሃለሁ። ለሰው የማወራው ስትመለስ ያየሁትን ነው። ያንኛውን ለማን አወራዋለሁ?»

እንዲህ ሲሉኝ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። መኪናዋ ተጠግናለች፤ ጀሪካን የለባትም፤ ሰልባትዮዋም ከግማሽ አያልፍም። ለዚህ ነው ሰልፉ ላይ ቶሎ ቶሎ የምገኘው። እንጦጦ ግን እስካሁን አልወጣሁም። ቁልቁለት ሳይ መኪናዋን አዙሬ በሌላ መንገድ እሄዳለሁ፤ ከዚህ ሥራ ውጪ ደግሞ የማውቀው ሙያ የለኝም። እርስዎ ሠላሳ ዓመት መሪ ይዘዋልና አንድ ነገር ይጻፉልኝ። እርስዎስ አንድ ቀን ሮጠው ያውቃሉ? ቁጣውንም አይተዉት፤ ሁለቱንም ይጻፉልኝ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ የወገብ ቅባቱን ሸዋገነት ከደብዳቤው ጋር ልካለች። ኢፍቱን ሰላም ይበሉልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ስለደበቅናት እንዳትቀየመኝ። ለአጎቴ ሌንጮና ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱም ሁሉ እንደየማዕረጋቸው ሰላምታዬ ይድረስ። ሸዋገነትና ኪብሮን እጅ ይነሣሉ። ከፊቴ ያለው መኪና ሞተሩን አስነሣ፤ አንድ እርምጃ ልንጠጋ ነው መሰለኝ።

ልጅዎ ለታ ጀቤሳ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.