በባዶ የዞረው መጨበጫ፦ የአቶ አስረስ ደምሌ የሕይወት ታሪክ

አቶ አስረስ ደምሌ ከአባታቸው ከአቶ ደምሌ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን እንድሪስ፣ በአምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ባለች መንደር በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ድምፃቸው ለማኅሌት አልሆን ስላለ ግን ደሴ ገብተው፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደ ጋራዥ ውስጥ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ቶርኖ ተማሩ።

በ1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተሻለች ሙሉጌታ ጋር ተጋብተው ሐይቅ ከተማ ጎጆ ወጡ። ተሾመችንና ሙላትን ወለዱ። ለወፍጮና ለውሃ ፓምፕ ዕቃ በሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ የማሽን ጠጋኝ ሆነው ሲያገለግሉ ቆይተው፣ በ1967 ዓ.ም. ወርክሾፑ በመንግሥት ሲወረስ እዚያው ቀጠሉ።

ማሽኖቹ አሮጌዎች ነበሩ። ብረታቸው ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ የፕላስቲክ መጨበጫቸው ግን በእጅ ላብና በዘይት ተበልቶ አልቋል። መለዋወጫ አይመጣም። አቶ አስረስ የተላላውን መጨበጫ ቀዳዳ በጋለ ወስፌ ያሻክሩትና ያገኙትን ፕላስቲክ አቅልጠው ይሞሉታል። ሳይቀዘቅዝ ዘይት የተቀባ ዘንግ ይወትፉበትና ልኩን ያስይዙታል።

ዘመኑ ሰው ስሙ ሲጠራ ልቡ የሚርድበት ነበር። በ1970 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በቶርኖው የሚሠራው ኑርዬ ዘይኑልአቢዲን በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ላለ የገበሬ ማኅበር የፓምፕ ዘንግ ይቀርጽ ነበር። ኑርዬን ሥራ ያስተማሩት አቶ አስረስ ናቸው፤ እንደ ታናሽ ወንድም ያዩታል። የማሽኑን መቁረጫ ቢላ ወደ ኋላ ሊመልስ መጨበጫውን ሲያዞር መጨበጫው በባዶ ዞረ። ቢላው ዘንጉን በላው፤ የማሽኑም ጥርስ ረገፈ። ፓምፑን ሊመርቁ ባለሥልጣናት እየመጡ ነበርና፣ ኑርዬ የመጨበጫውን ቀዳዳ ሆን ብሎ በሞረድ አስፍቷል ተብሎ ቀበሌ ታሰረ። ወንጀሉ አሻጥር ተባለ። በአሻጥር የተያዘ የት እንደሚደርስ የማያውቅ አልነበረም።

አቶ አስረስ ግን እውነቱን ያውቃሉ። ያ መጨበጫ ቀደም ብሎ ሲላላ፣ የወይዘሮ ተሻለችን የኮንጎ ጫማ ተረከዝ ቆርጠው አቅልጠው የሞሉት እርሳቸው ነበሩ። የጫማ ፕላስቲክ ለስላሳ ስለሆነ እንደማይበረክት አውቀው ከበሬ ቀንድ ሌላ ቀርጸዋል። ነገ እገጥመዋለሁ ሲሉ የአማታቸው ተዝካር መጣ፣ ሥራም በዛ፤ ቀንዱ ቤት ቀረ።

ጠጋኙ እርሳቸው ናቸውና፣ መጨበጫውን ይዘው በማግስቱ በስብሰባ ፊት እንዲመሰክሩ ታዘዙ። ወይዘሮ ተሻለች ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግተው ለመኗቸው።

«የጫማውን ፕላስቲክ ፍቀህ አውጣው። ልጆችህን አስብ።»

ፍቀው ቢያወጡት የእርሳቸው እጅ ምልክት ይጠፋል። ባዶው ቀዳዳ ግን በሞረድ የሰፋ ይመስላልና ኑርዬ አለቀለት። አቶ አስረስ ወስፌውን አነሡ። በቀዳዳው አፍ ላይ አሳረፉት። ከዚያ አስቀመጡትና መጨበጫውን እንዳለ በጨርቅ ጠቀለሉት።

በስብሰባው መጨበጫውን ከጨርቁ ፈተው ቆሙ። ድምፃቸውም ከኋላ ለተቀመጠው አልተሰማም፤ ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ድገመው አላቸው።

«ሞረድ አልነካውም። የኮንጎ ጫማ አቅልጬ የሞላሁት እኔ ነኝ። መቀየር ነበረብኝ፤ አልቀየርሁም።»

ካድሬው የሴት ጫማ በሕዝብ ንብረት ውስጥ ምን ይሠራል ሲል ጠየቀ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ካድሬው እንዳልሳቀ ሲያዩ ግን ሳቁ በአፋቸው ቀረ። ኑርዬ ያንኑ ዕለት ተፈታ፤ አቶ አስረስ ደሴ ተወሰዱ። ወይዘሮ ተሻለች የቀንዱን መጨበጫ፣ ሌላ ነገር ያመጣል ብለው ፈርተው፣ ጓሮ ቀበሩት።

አቶ አስረስ ሁለት ክረምት ታስረው ሲመለሱ እግራቸው እንደ ድሮው አልረግጥ አለ፤ ሳልም ይዟቸው ነበር። ሥራቸውን አጥተው የሬዲዮና የወፍጮ መጨበጫ በቤታቸው ይጠግኑ ጀመር። ደንበኛ የሚገባው እንዳይታይ በጓሮ ነበር። የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ ሰው አየህ? ኑርዬ ግን በጓሮም አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያያቸው ይሻገራል። ወይዘሮ ተሻለች በዚህ ሲያዝኑ፣ አቶ አስረስ እኔን ሰላም ማለት ሰው ያስበላል፣ ተይው ይሏቸው ነበር።

በዚህ ዓመት ሰኔ ላይ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በሳንባ ሕመም አልጋ ይዘው ሳለ፣ ኑርዬ በጠራራ ፀሐይ በፊት ለፊቱ በር ገባ። አቶ አስረስ ከትራሳቸው ቀና ብለው እንደ ልማዳቸው ጠየቁት።

«ሰው አየህ?»

«ሁሉም አየኝ፣ ጋሼ።»

አቶ አስረስ መልሰው ተኙ። ኑርዬ እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሲሄድ ወይዘሮ ተሻለች ጓሮ ቆፍረው የቀንዱን መጨበጫ ሰጡት። ዛሬ ያ ቶርኖ በቀንዱ መጨበጫ ይዞራል።

አቶ አስረስ በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው ነሐሴ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሻለች፣ ልጆቻቸው ተሾመችና ሙላት፣ እንዲሁም ዛሬ በፊት ለፊቱ በር አስከሬናቸውን ተሸክሞ ያወጣው ኑርዬ በሐዘን ቀርተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ ስም ሲጠራ ልብ በማይርድበት ስፍራ፣ ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን።