ተራችንን የሚያዘዋውረው ሰው

ኅዳር 4፣ ሰኞ
ቢሮ የመለዋወጫ ዕቃ ዝርዝር ስደረድር ዋልኩ። ረድፍ ወደ ላይ፣ ረድፍ ወደ ታች... ዓይኔ ፈሰሰ። ማታ ደግሞ ሌላ ኤክሴል! ታናሽ እህቴ አባባን የምናስታምምበትን ተራ ሠርታ ለሁላችንም ላከች፤ ለአባባም በታብሌቱ። ስም፣ ስልክ። መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እሷ፣ ከዚያ ወንድሜ፣ ከዚያ አዲሷ ነርስ፣ እንደገና እኔ። "አንቺና እሱ እንዳትገናኙ አድርጌ ነው" አለች። ጎበዝ። የቤቱን ቁልፍ ከወንድሜ እጅ ከምቀበል በመስኮት ብገባ ይሻለኛል።

ኅዳር 10፣ እሑድ
ወንድሜና ነርሷ ቦታ ተለዋውጠዋል። እንግዲህ ቁልፉን የምረከበው ከእሱ ሊሆን ነው! እህቴ ጋ ደወልኩ።
"እኔ አልነካሁም።"
"ታዲያ ሰይጣን ነካው?"
የሁለቱን ረድፍ ከነስልኩ አዘዋውሬ አስተካከልኩት።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ
ዛሬም! የወንድሜ ሚስት ናት። ሌላ ማን ይሆናል? እሳት የላሰች ናት። "እስከ መቼ ተኳርፈው ይኖራሉ?" ስትል ነበር አሉ። ምን አገባት? እማማ ያረፈች ለት ባሏ ምን እንዳለኝ ረሳችው? "ሆን ብለሽ ነው ዘግይተሽ የደወልሽልኝ፤ በሕይወት ሳላያት ቀረሁ።" በለቀስተኛ ፊት! በማግስቱ ቁጥሩን ከስልኬ አጠፋሁት። ይኸው ሁለት ዓመት።
አስተካከልኩት።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ
እንደገና። ረድፎቹን እንደ ድሮው መለስኩ። ማን እንደነካው ፋይሉ ራሱ ይናገራል፤ ከፍቼ አየሁ። የእህቴ ስም! እሷም አለችበት ማለት ነው። ሁለቱ ተማክረው... እኔ ሞኝ፣ ሚስጥሬን ሁሉ የማወራው ለእሷ። አባባ አልጋው ላይ ታብሌቱን ደረቱ ላይ አድርጎ "ምን ያነጫንጭሻል?" አለኝ። ምንም አልኩት። እሱ ምን ያውቃል።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ
ጠዋት ነርሷ ቁልፉን ሰጥታኝ ወጣች። ጫማዬን ሳላወልቅ አባባ ደረቱን ያዘ። "ትንፋሼ... ነርሷን ጥሪልኝ።" ቁጥሯን ስልኬ ላይ አልያዝኩም። ሰንጠረዡን ከፈትኩ፣ ከስሟ አጠገብ ያለውን ቁጥር ደወልኩ።
"ሲስተር፣ ይድረሱልኝ! አባባ ትንፋሽ አጠረው!"
"አንቺ ነሽ?"
ወንድሜ።
"መጣሁ" አለ። መጣም። አውቶቡሱን ለሌላ ሾፌር ትቶ፣ ለነርሷ ደውሎ ከመንገድ አንስቷት። ነርሷ ደረቱን አዳመጠች። "ደህና ናቸው።" አባባ ትራሱን ተደግፎ ሁለታችንን ተራ በተራ ያያል። ታብሌቱ ተከፍቶ አጠገቡ። በእህቴ አካውንት የተከፈተው ታብሌት!
"አባባ፣ አንተ ነህ?"
"እኔ የነካሁት ስሞቹን ብቻ ነው።"
ስሞቹን ብቻ! እኔ ደግሞ ረድፉን ከነስልኩ ስመልስ የነርሷ ስም ከወንድሜ ስልክ ጎን ተቀምጧል።
"ሆን ብለህ?"
"የቱን?" አለኝ።
ኩሽና ውስጥ ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኝ "ያኔስ እንዲህ ቶሎ ብትደውይልኝ ምን ነበረበት?" አለ። ነገርኩት። እማማ እጄን ይዛ "ሰው ጭኖ እየነዳ ነው፤ ሳይደርስ እንዳትነግሪው" እንዳለችኝ። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም? መቼ ጠየቀኝ? ፈረደብኝ እንጂ! ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። እኔም አላስቻለኝም።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ
ሚስቱን በሐሰት ሳማት ከረምኩ። እህቴንም። አፈርኩ።
አባባን በስልክ "እውነት ትንፋሽ አጥሮህ ነበር?" አልኩት።
"ሐኪም ነሽ እንዴ?" ብሎ ዘጋው። አላምነውም።

ኅዳር 22፣ ዓርብ
ከሥራ ወጥቼ አባባ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተው ወንድሜ ነው።
"ዛሬ እኮ ተራሽ አይደለም" አለኝ።
"አውቃለሁ" ብዬ ገባሁ።