ማዳ፣ ሲጠብቅና ሲላላ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
የአሰላ ብርድ ዛሬ ጣት ያደርቃል። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ጓንት አድርጌ ልጽፍ ስል ፊደሉ ሁሉ ተደበላለቀብኝ።

ግን ደስ ብሎኛል። ከጓደኛዬ ከዱሬሳ ጋር ሁለት ዓመት የለፋንበት ፕሮግራም ተማሪዎቼ እጅ ገባ። የሐሳብ ካርታ ነው። መመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ልጅ ዋናውን ሐሳብ መሃል ላይ ያስቀምጣል፣ ቅርንጫፍ ያወጣለታል፣ እየጎተተ ቦታ ቦታ ያስይዘዋል። ሲጨርስ ፕሮግራሙ በምዕራፍ በምዕራፍ አድርጎ ወደ ጽሑፍ ይቀይርለታል። በነፃ። ኮዱም ክፍት ነው፣ የፈለገ ይወስዳል።

ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ «ማዳ»። በኦሮምኛ ምንጭ። ዱሬሳ «አቦ፣ ለሊሴ፣ አንደኛ ነሽ!» አለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13
አፈርኩ! ዙቤዳ እጇን አወጣች። ተመራቂ ናት፣ ስለ ገብስ በሽታ ነው የምትጽፈው። «መምህር፣ ለምን ቁስል አላችሁት?»

ቁስል? …ሲጠብቅ ምንጭ፣ ሲላላ ቁስል። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ብጽፈው ማንም አይሳሳትም ነበር። በግዕዝ ፊደል የጻፍኩት እኔ ብልጧ! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

አርብ፣ የካቲት 14
ለዱሬሳ ደውዬ ነገርኩት። እሱ ግን አልሳቀም። «ለአዲስ አበባው የፈጠራ ውድድር ተመዝግበናል፤ ቁስል ይዘን እንቅረብ? ስሙን እኔ ልቀይረው። ኮዱ ያለበት ገጽ በአንቺ ስም ስለሆነ ወደ እኔ አዙሪልኝ። አንድ ቀን ነው፣ እመልስልሻለሁ።»

አዞርኩለት። በስልኬ፣ ሻይ እየጠጣሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10
ዱሬሳ ለውድድሩ ብቻውን ሄደ። «ለሁለት ሰው ቦታ የለም ብለዋል» አለኝ። ገጹንም ገና አልመለሰልኝም… ረስቶት ይሆናል። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት ወንበር ሲያመላልስ የነበረ ሰው ነው። እሱን ካላመንኩ ማንን ላምን?

አርብ፣ መጋቢት 26
ዙቤዳ እያለከለከች መጣች። «መምህር፣ ካርታዬ አልከፈት አለኝ!»

አየሁት። ፕሮግራሙ ራሱን አድሶ አዲስ ስም፣ አዲስ ቀለም ይዟል። «ፈቃድ የለዎትም» ይላል። ከሥር «ብቸኛ ፈጣሪ፦ ዱሬሳ»። ብቸኛ! ኮዱ ያለበት ገጽ ስገባ ደግሞ «ይህን ገጽ ማየት አይችሉም» አለኝ። እኔን!

ኮዱን ስንለቀው የጻፍነው ግዴታ ሁለት ብቻ ነበር። የወሰደ አይዝጋ፣ የሠሩትንም ሰዎች ስም አይፋቅ። እያንዳንዷን ቃል አብረን ተከራክረን ነው የጻፍናት። ታዲያ ሲፍቀኝ አላስታወሳትም? ወይስ እያስታወሰ?

ሲደወልለት አያነሳም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4
በሌላ ስልክ ደወልኩ፣ አነሳ።

«ለሊሴ፣ ክፍት ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»
«ክፍት ነው አልኩ እንጂ ዝጋው አልኩህ?»
«የውድድሩ ስፖንሰሮች አንድ ስም ብቻ ነው የፈለጉት…»
«ገጹን የወሰድከው ስም ልቀይር ብለህ ነው!»
«ቀየርኩት እኮ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። አለቀስኩ። በንዴት ነው… አይ፣ በንዴት ብቻ አይደለም። ጓደኛዬ ነበር።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6
ዙቤዳ ጽሑፏን ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ሥራዋ ሁሉ እዚያ ካርታ ውስጥ ተቆልፏል። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ተጠቀሙበት ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ከሰዓት ትዝ አለኝ፤ ጥግ ያለው ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር! ኢንተርኔት አይዝም፣ ስለዚህ ራሱን አላደሰም። ሮጬ ከፈትኩት። የድሮው አለ፣ ከነኮዱ። የዙቤዳን ፋይል በፍላሽ አስገባሁ… ገብሱ ከነበሽታው፣ ከነቅርንጫፉ ወጣ። ዙቤዳ ጮኸች። አንዴ ክፍት ሆኖ የተሰጠ ኮፒ አይነጠቅም። ዱሬሳ ይህችን ዘንግቷታል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20
ሁለት ሳምንት ስህተቱን እየለቀምኩ አስተካከልኩት። ዛሬ በአዲስ ገጽ ላይ ልለቀው ነው። የተማሪዎቹ ፋይል ሁሉ ይከፈታል። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሠሩት ሰዎች ስም ዝርዝር።

የራሴን ጻፍኩ። ቆምኩ።

ቅርንጫፎቹ እንዲጎተቱ ያደረገው እሱ ነው። ያቺ ኮድ ሁለት ወር አድክማዋለች። ዙቤዳ አጠገቤ ቆማ ታያለች። «መምህር፣ እሱንም ይጽፉታል?»

ብተወው ማን ይጠይቀኛል? ማንም። እሱ እንኳ አፍ የለውም። ግን የሠራ ሰው ስም አይፋቅ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለምወዳቸው ብቻ ብዬ አልጻፍኩም።

እጄ እንቢ እያለኝ ጻፍኩት። ከእኔ ስም ቀጥሎ፣ በእኩል ፊደል። ከዚያ ለቀቅኩት።

ስልኬን አወጣሁና የዱሬሳን ቁጥር አጠፋሁ።